የግራና ውሃና ዓይን የሌለው ኮምፒውተር

ቢሯችን ውስጥ ዓይን የሌለው ኮምፒውተር አለ። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ወልድያ ላይ ቢሮው ሁሉ ሲራቆት ስክሪኑም፣ ኪቦርዱም፣ የምንቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ሄደ፤ እሱ ግን፣ ማለቴ ሲፒዩው፣ ከወደቀ መደርደሪያ ሥር ተቀብሮ ስለነበር ሳያዩት ቀረ። ስንመለስ አቧራውን አራግፈን ብንሰካው ተነሳ። «ተዓምር ነው!» አልን። ስክሪን ይገዛለታል ተባለ፤ እነሆ እስከ ዛሬም እየተባለ ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ ውሃ ነው። ጉድጓድ አላስቆፍርም፣ ቧንቧ አልዘረጋም፤ የውሃ ቁጥር ነው የምለቅመው። በየወንዙና በየቦዩ የተተከሉ መለኪያዎች አሉ፤ በየሰዓቱ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባሉ። እየዞርኩ ቁጥሩን አወጣና ወደ ግራፍ እቀይረዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ ቁጥር ተደርድሮ ቢቀርብለት የሚያነብ አለቃ ገና አልተወለደም፤ መስመር ሲወጣና ሲወርድ ግን ሕፃንም ይገባዋል። ይገባዋል ብዬ አምን ነበር።

ያን ኮምፒውተር የማዘው በስልኬ ነው። ቢሮው ዋይፋይ ላይ እገባና በስልኬ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ እጽፍለታለሁ፤ እሱም በጽሑፍ ይመልስልኛል። ሥዕል የለ፣ መስኮት የለ። በስልክ እየነገሩ ወጥ እንደማሠራት ነው፤ ጨው መብዛቱ የሚታወቀው ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ነው። ጣቴ ወፍራም፣ የስልኬ ኪቦርድ ጠባብ፣ መነጽሬ የተሰነጠቀ። አንዲት ነጥብ ስስት ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እንዲህ እየሠራሁ ዓመት አለፈኝ፤ ሰው ሁሉን ይለምዳል የሚሉ ሰዎች ይህን ሞክረው አያውቁም።

መርሳ አጠገብ ባለችው ግራና ውስጥ ደግሞ አንድ የውሃ አባት አሉ። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያስከብር፣ ገበሬው ራሱ መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው፤ ደሞዝ የለውም፣ ስድብ ግን ሞልቶ ተርፎለታል። የእኝህ ሰው ውሃ ከምንጭ ወርዶ ሌሊቱን ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሳቸው የኩሬውን በር ከፍተው ለባለተራው ይለቁታል። ማታ በሩ ይዘጋል፤ ኩሬው እንደገና ሲሞላ ያድራል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ባለፈው በጋ መለኪያውን ላነብ ስሄድ ገመዱን የያዙልኝ እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ማተባቸው ከላብ ብዛት የጠቆረ ሰው ናቸው። ኩሬው ውስጥ የተተከለችውን ትንሽ የብረት ሳጥን ትኩር ብለው አዩና፣

«ልጄ፣ ይቺ ሌሊትም ታያለች?» አሉኝ።

«ሌሊትም ታያለች፣ አባቴ። እንቅልፍ የላትም።»

«እንደ እኔ በያታ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

ዘንድሮ በጋው ሲበረታ ስልክ ደወሉልኝ። በዚያን ቀን ሳቅ የሚባል ነገር በድምፃቸው አልነበረም። ከቦዩ ጫፍ ያሉት ገበሬዎች ጠዋት የሚደርሳቸው ውሃ አንሷል፤ ሽንኩርታቸው መሬት ላይ እያለ እየደረቀ ነው። የውሃ አባቱ ሌሊት ተነስተው በሩን ይከፍታሉ፣ ለላይኞቹ፣ ለዘመዶቻቸው ይለቃሉ ተብለው ተከሰዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ኩሬው ዳር ሸንጎ ይቀመጥባቸዋል።

«ከሹመቱ ቢያወርዱኝ እሰየው፣ ባረፍኩ» አሉኝ። «ሌባ ብለው ማውረዳቸው ነው እንጂ። ልጆቼ የሚውሉት በዚሁ ገበያ ነው፣ የሚያገቡትም ከዚሁ ሰው ነው። እባክሽ ያቺን ሌሊት የምታየውን ምስክሬን አምጪልኝ።»

«እሺ አባቴ» አልኳቸው። ምን ችግር አለው ብዬ? ቁጥሩ እጄ ላይ ነው። ከተከሰሱበት ጊዜ አንድ ሳምንት መርጬ ግራፍ ማሣል፣ ኩሬው ሌሊቱን ሲሞላ እንጂ ሲጎድል እንዳልታየ ማሳየት፣ አለቀ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። አይ ሰው! ሲያቅድ እንዴት ያምርበታል!

ሐሙስ ጠዋት ትእዛዙን ጽፌ ላክሁ። ግራፉን የሚስለው ሰዎች በነፃ ጽፈው ያበረከቱት የኮድ ስብስብ ነው፤ ላይብረሪ ነው የምንለው። አንድ ገጽ ሙሉ ኤረር አወረደብኝ። ኤረር የሚነበበው ከታች ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ሀተታ ነው። ልክ እንደ እኛ አገር ሽማግሌ፣ ሲያወራ ውሎ ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊነሳ ሲል ነው። የመጨረሻዋ መስመር ስትጨመቅ «ማሳያ የለኝም፣ መስኮት መክፈት አልችልም» ትላለች።

ወይ ጉድ! ማሳያ እንደሌለህማ እኔም አውቃለሁ! ማን መስኮት ክፈት አለህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ላይብረሪ ሁልጊዜ ከፊቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ያለ ይመስለዋል። ካልነገሩት በቀር መጀመሪያ የሚያደርገው ሥዕሉን የሚያሳይበት መስኮት መፈለግ ነው፤ ስክሪን ሲያጣ ደንግጦ ይቆማል። መፍትሔውም «መስኮት አትክፈት፤ ዝም ብለህ ሣልና ፋይል ላይ አስቀምጥ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ነው። ጻፍኩለት። ያው ኤረር። ፊደል በፊደል አረጋገጥኩ፣ ትክክል ነው። ያው ኤረር። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። ኢንተርኔት የለም፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ሐሙስ በዚሁ መሸ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ኢንተርኔት ሲመጣ ፍለጋ ገባሁ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የት አገር እንዳለ እግዜር ይወቅ፣ በዚሁ ነገር ተቃጥሎ ጽፎ ኖሯል። መስመሩ መቅደም አለበት ይላል፤ ሥዕል የሚስለው ክፍል ከተጠራ በኋላ ቢነግሩት አይሰማም። እኔ የምነግረው ከጠራሁት በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መስመሩን ወደ ላይ አወጣሁት፤ ኤረሩ ጠፋ።

«ተመስገን!» ብዬ ሳልጨርስ ሌላ መጣ። አሁን የቸገረው የአማርኛ ፊደል ነው። ከግራፉ ጎን «የውሃ ከፍታ»፣ ከሥሩ «የቀኑ ሰዓት» ብዬ ነበር፤ ፊደሎቹን አላገኘኋቸውም ይላል። ፊደል ሲያጣ ደግሞ በምትኩ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። አይቼው አይደለም፤ ካሁን በፊት እንዲህ አድርጎ አዋርዶኝ ስለሚያውቅ ነው። የአማርኛ ፎንት ከፍላሽ ጫንኩለት፤ አላየሁም አለ። ያሉትን ፎንቶች የመዘገበበት የቆየ ፋይል አለው፣ እሱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ፈልግ ልለው ብል፣ ፋይሉ ያለበት ፎልደር በሌላ ሠራተኛ ስም ተቆልፏል። ሠራተኛው ሥራ ለቆ ሄዷል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ኤዲያ! ዓርብ ከቢሮ ስወጣ ማንም ሰላም እንዳይለኝ ነበር የምመኘው። መንገድ ላይ ጎረቤቴ «ምነው ጠቆርሽ? አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ኮምፒውተር አማርኛ አልጽፍ ብሎኝ ነው ልበል? «ራሴን ነው» ብዬ አለፍኩ። እውነቴን ነበር፣ ራሴን ነው ያመመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሸነፍኩለት። ጽሑፉን ሁሉ አወጣሁት። ቁጥር ብቻ ይኑር፤ ቁጥር ያልተማረም የተማረም ያነበዋል አልኩ። ትእዛዙን ላክሁ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ሁለት ግራፍ ሥሎ ፍላሹ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አንደኛው ለሽማግሌው የሚሆነው የሳምንቱ ነው፣ ሁለተኛው መለኪያው ከተተከለ ጀምሮ ያለውን ጊዜ በሙሉ የሚያሳይ ነው፤ እሱን እግረ መንገዴን ነው ያሣልኩት። ወደ ስልኬ ልኬ ልየው ስል መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጭጭ። ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ፍላሹን ነቅዬ፣ ያሣልኩትን ሳላየው፣ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

የመርሳው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረን!» ይላል። አንድ ሰው ይገባል። እንደገና «አንድ ሰው!» በዚህ አኳኋን ሦስት መንደር ሰው ጫነ። ከጎኔ ዶሮ የታቀፈች ሴት ነበረች፤ ዶሮዋ በእኔ ላይ ተኛች፣ እኔም በዶሮዋ ላይ ተኛሁ።

መርሳ መብራት ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና ፍላሹን ሰጠሁ። ባለቤቷ ፋይሉን ስትከፍተው ግራፌን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሲያምር! ሰባት ትንንሽ ግራፎች፣ ለየቀኑ አንድ አንድ፣ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ መስመሩ ከግራ ተነስቶ ሌሊቱን ሽቅብ ይወጣል፣ ውሃው ሲሞላ ማለት ነው፤ ከዚያ በሩ ሲከፈት ቁልቁል ይወርዳል። ሌሊት አንዲት ጣት ታህል እንኳ አልጎደለም። ደስ ብሎኝ ልስቅ ስል፣ መስመሩ ከሚወርድበት ሥር ያለውን ቁጥር አየሁት። ስምንት ይላል።

ክው አልኩ። መለኪያው ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ስምንት የእኛ የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ቢሮ ውስጥ ሁለቱን ሰዓት እያቀያየርኩ ስለምውል ዓይኔ ለምዶታል፤ የግራና ገበሬ ግን ስምንት ሲያይ ስምንት ሰዓት ነው የሚለው። ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ በሩ ተከፍቶ ውሃው ወረደ ይላል። አድነኝ ብለው የጠሩት ምስክር መጥቶ ሊከሳቸው ነው።

አሁን ምን ይደረጋል? ወልድያ ልመለስ ብል ጊዜው አይበቃም፤ ብመለስም መብራቱ የለም። እስክሪብቶ ተዋስኩና በየስምንቱ አናት ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩበት። ከሰባቱ ቀናት አንዱ ግን ሌላ ጉድ ሆኖ ተገኘ። እሱ ላይ መስመሩ ስምንት ላይ አይወርድም፤ ሞልቶ ቀጥ ብሎ ይቆይና አሥራ ሦስት ላይ ነው የሚወርደው። መለኪያው ያን ቀን አብዷል አልኩና ምንም ሳልጽፍበት ተውኩት። በጣም ደክሞኝ ነበር።

ሁለተኛውንም ወረቀት አየሁት። አንድ ረጅም መስመር ነው። ክረምት ሲገባ ቀና ይላል፣ በጋ ላይ ይወድቃል፤ ግን በየክረምቱ ሲነሳ ካለፈው ክረምት ዝቅ ብሎ ነው። እያንዳንዱም በጋ ካለፈው በጋ ይብሳል። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ዛሬ አላወጣውም አልኩ፤ የአንድ ሰው መከራ ለአንድ ቀን ይበቃል።

በባጃጅ ግራና ስደርስ ሸንጎው ተቀምጧል። ከቦዩ ጫፍ ያሉት በአንድ ወገን፣ የላይኞቹ በሌላው ወገን፣ የውሃ አባቱ ብቻቸውን መሐል ድንጋይ ላይ። በሩን የሚከፍቱበትን የብረት እጀታ ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል። ከጫፎቹ ወገን ያሉ አዛውንት ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ ከሳሹ ተነሳ። ፂሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ ነው። የደረቀ ሽንኩርት ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ መጥቷል፤ እግራቸው ሥር አስቀመጠውና «እኔ ንግግር አላውቅም፣ ይኼ ይናገርልኝ» አለ። ሐሜት ለምዶበት የመጣ ሰው አይመስልም። የልጆቹ ጉሮሮ ነው እዚያ መሬት ላይ የወደቀው።

ወረቀቱን አወጣሁና አስረዳሁ። መስመሩ ሲወጣ ውሃው እየሞላ ነው፣ ሲወርድ በሩ ተከፍቶ ነው፣ የተከፈተው ጠዋት ነው። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ቁጥር ማንበብ እችላለሁ» አለ። «ይኼ ከማሽን የወጣው ስምንት ይላል። ይኼ በእስክሪብቶ የተጻፈው ሁለት ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«አሁን። መርሳ ላይ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። «ወላሂ፣ ማሽኑ እውነቱን ሊናገር ሲል እሷ አፉን ያዘችው!» አለ አንዱ። «ሰዓቱንም አዞሩት!» አለ ሌላው። እኔ የፈረንጅ ሰዓት እያልኩ እጮኻለሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ ሌባ እየመሰልኩ ሄድኩ። «ኧረ በፈጠራችሁ! እኔ እዚህ ምን ዘመድ አለኝ? ስለ ማን ብዬ እዋሻለሁ?» አልኩ። ስንት ቀን ሙሉ ከአንድ ግዑዝ ሳጥን ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ ለዚህ ነው የመጣሁት? አናደደኝ፤ ካናደደኝ ይልቅ ግን አሳፈረኝ። ሽማግሌው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «ደክሞሻል። ተቀመጪ።» የብረቱን እጀታ ከጉልበታቸው አንስተው ከደረቀው ሽንኩርት አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ከሳሹ ወረቀቱን ገና አልመለሰልኝም። እያገላበጠ ያየዋል።

«ይኼስ ምንድን ነው? አሥራ ሦስት! አሥራ ሦስት ሰዓት የሚባል አለ እንዴ?» ሰው ሳቀ።

«በፈረንጅ ነው አላልኩም? በእኛ የቀን ሰባት ሰዓት ነው» አልኩ፣ ተስፋ ቆርጬ። «እሱን ተወው። መለኪያው ያን ቀን ተበላሽቶ ነው።»

«ቀኑ ምንድን ነው?»

«ከላይ ሰኞ ብለህ ቁጠር።»

በጣቱ ወረደ። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ...» ጣቱ አሥራ ሦስቱ ላይ ቆመ። ዓርብ ነው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። ዱዓ ያደረጉት አዛውንት አንገታቸውን አስግገው አዩና ቀስ ብለው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ከእኔ በቀር ሁሉም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

ከጫፎቹ ወገን ያለች ሴት ነገረችኝ። ዓርብ ዓርብ የውሃ አባቱ በሩን ጠዋት አይከፍቱም። ጫፍ ያሉት መስጊድ ስለሚሄዱ፣ ተራቸው በሌሉበት እንዳያልፍባቸው፣ ኩሬውን ሞልተው ከጁምዓ እስኪመለሱ ይጠብቋቸዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም የውሃ አባቶች እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት፤ ከመልመዳቸው የተነሳ ማንም አንስቶት አያውቅም።

«በሰባት ሰዓት ነው ከጁምዓ የምንወጣው» አለ ከሳሹ። የሚናገረው ለራሱ ይመስላል። «እንግዲያው ሰዓቱ የእውነትም የፈረንጅ ነው። ስምንቱም ሁለት ነው።» ከዚያ ቀና አለ። «ሌባ ጁምዓ ይጠብቃል እንዴ?»

ሄዶ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከና ጉልበታቸውን ያዘ። «አፉ በሉኝ፣ አባቴ። ሽንኩርቱ ነው ያሳበደኝ። አፉ በሉኝ።» እሳቸውም «ተነስ፣ እግዜር ይፍታህ፣ ተነስ» እያሉ ክንዱን ይጎትታሉ፤ ጉልበት ስለሌላቸው ግን ሊያነሱት አልቻሉም፤ ሌሎች መጥተው አነሱት። አዛውንቱ የብረቱን እጀታ ከመሬት አንስተው፣ አፈሩን በጋቢያቸው ጠርገው መልሰው የውሃ አባቱ ጉልበት ላይ አጋደሙላቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ካለሁበት ተቀመጥኩ። አሁን ቤቴ ልሂድ፣ አሁን ልተኛ አልኩ በልቤ።

ሰውየው ግን የደረቀውን ሽንኩርቱን ሊያነሳ ጎንበስ ባለበት ቆመ።

«እሺ እሳቸው አልወሰዱትም። ታዲያ ውሃችን የት ገባ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጄ ሳላስበው ቦርሳዬን ጭምቅ አድርጎ ይዟል። አላዩትም ያልኳቸው ሽማግሌ አይተውታል።

«ያለሽን አውጪው ልጄ» አሉ። «ግማሹን ተናግሮ የሚቀመጥ ምስክር የለም።»

«ይኼ መለኪያው ከተተከለ ጀምሮ ያለው ውሃ ነው» ብዬ ሁለተኛውን ወረቀት ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም። ስለ ሰዓት የጠየቀኝ የለም፣ ስለ ቁጥር የጠየቀኝ የለም። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የላይኞቹም ከተቀመጡበት ተነስተው መጥተው ከጫፎቹ ትከሻ በላይ አዩት። ከኩሬው ማዶ አንድ በሬ ውሃ ሲጠጣ ይሰማ ነበር።

ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ የውሃ አባቱ ዘንድ ደረሰ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉና ከግራ ጀምረው ቀስ እያሉ፣ ሲወጣ አብረው እየወጡ፣ ሲወርድ አብረው እየወረዱ፣ ወረቀቱ እስከሚያልቅበት ሄዱ። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆየ።

«ምነው እኔው ሰርቄው በሆነ» አሉ። «ብሰርቀውማ እመልስላችሁ ነበር።»